ስለ ታላላቅ የጉባኤ አዳራሾችና ስለ ሕዝብ አስተያየት

(ለመምህራን ማኅበር ስብሰባ የተነገረ)



የንግግሬን ርእስ ስትሰሙ ከመካከላችሁ አንዳንዶች፥ «በጠረፍ አገር የሚያስተምር ሰው ስለ አዲስ አበባና ስለ ካርቱም አዳራሽ ምን አገባው?» ሳትሉ አትቀሩም። ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ከጋላባት ወዲያና ወዲህ የሚኖረው ሕዝብ የሚያውቀው ትልቅ ቤት የእህል መጋዘን፥ የጉምሩክ ግቢ፥ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚመክረውም ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ነገር ግን በሕዝብ ገንዘብ፥ ወይም በሕዝብ ስም በተወሰደ ስጦታ፥ ታላቅ ሕንፃ በቆመ ጊዜ ነገሩ የመዲናው ሰው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሰሊጡን ዘርቶ ግብር የሚከፍለው የመተማ ገበሬም፥ ማሽላውን ጭኖ ወደ ገዳሪፍ ገበያ የሚነዳው የሱዳን ነጋዴም ድርሻ አለበት። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ አስተያየት መስጠት ይገባዋል፤ አስተያየቱ ከሐሜት ተለይቶ በእውቀት ላይ እንዲቆም ማድረግ ግን የኛ የመምህራን ፈንታ ነው። ስለ ራሳችን አዳራሽም፥ ነገሬን ከመጨረሴ በፊት፥ የምለው አለኝ።

ከአፍሪካ አዳራሽ ልጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን በ1950 ዓ.ም. ባቋቋመ ጊዜ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ተወሰነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ለኮሚሽኑ የሚገባ አዳራሽ በአስቸኳይ እንዲሠራ አዘው፥ ሥራውን በአስመራ ይኖር ለነበረው ለኢጣልያዊው አርክቴክት ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ሰጡት። ሕንፃው በ18 ወር ገደማ ተፈጽሞ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይህን ቀን ልብ ብላችሁ ተመልከቱልኝ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ያነሡት መፈንቅለ መንግሥት ከሽፎ ነበር። በዚያ ሰሞን የተነገረው ዐዋጅ፥ አዲስ ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደ ፊት ሲራመዱ ጥንታዊቱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን የሚወቅስ ነበር። ከዚያም ሁለት ወር ሳይሞላ የእነዚያው የአፍሪካ አገሮች መልእክተኞች መጥተው በአዲሱ አዳራሽ ተቀመጡ። እንግዲህ አንዱ ወገን ሕንፃውን አይቶ «እነሆ፥ ወደ ኋላ አልቀረንም» ለማለት ይችል ነበር፤ ሌላው ወገን ያንኑ ሕንፃ አይቶ «ወደ ኋላ የቀረነው ገንዘባችንን በዚህ ላይ ስላዋልነው ነው» ለማለት ይችል ነበር። ያው አንዱ ቤት ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች ምስክር ሆኖ ይጠራል። ታላላቅ አዳራሾች በተሠሩበት አገር ሁሉ የሚሰማው ክርክር ይኸው ነው፤ ከዚህ ብዙም የራቀ ሌላ ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

ሆኖም ስለ አንድ ሕንፃ የሚከራከር ሰው አስቀድሞ ሕንፃውን ማየት አለበት። በኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚከራከረው ሰው ሕንፃውን አላየውም፤ ያየውም ሰው አይከራከርም። የአፍሪካ አዳራሽን በውጭ በኩል የሚከበው ባለ ቀለም ጌጥ የሸማ ጥለት እንዲያስታውስ ተብሎ የተሠራ ነው። ይህ ቀላል ሐሳብ አይደለም። ጥለት በሸማው ዳር ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሸማውን አያሞቀውም፥ ዕድሜውንም አይጨምርለትም፤ ነገር ግን ሸማውን የክት የሚያሰኘው እሱ ነው። ከበሩ ገባ ሲሉ ደግሞ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ይታያል፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው፥ በሦስት ክፍልም ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የነፃነት ትግሏንና የወደ ፊት ተስፋዋን ያሳያል። አንኮበር የተወለደ የኢትዮጵያ ልጅ ሥዕሉን፥ ኢጣልያዊ አርክቴክት ግንቡን ሠሩት ማለት ነው፤ ይህም የሆነው የፋሺስት ጦር ከአዲስ አበባ በወጣ በ20 ዓመት ነው። ለታሪክ አስተማሪ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ ከየት ይገኛል?

ጥቅሙስ? በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቃል ኪዳን ፈረሙ። ከነሱም መካከል የሱዳኑ መሪ ጄኔራል ኢብራሂም ዓቡድ ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በየካቲት 1964 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ተዋጊዎች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ታረቁ፤ በከተማይቱ ስም የተጠራው ያ ስምምነት ለሱዳን ዐሥራ አንድ ዓመት ሰላም አስገኘላት። አዲስ አበባ የጉባኤ ከተማ ባትሆን ኖሮ ተዋጊዎቹ ወደዚያ ለመሄድ ባልተስማሙ ነበር ብዬ አምናለሁ። የዐሥራ አንድ ዓመት ሰላም ዋጋው በብር ስንት እንደ ሆነ የሚያሰላ ሰው ቢገኝ የአዳራሹን ወጪ ከዚያ ላይ ይቀንስልን።

እንዲህ ስል ግን የዚያን ዘመን ወቃሾች ስሕተተኞች ነበሩ ማለቴ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ጠይቀዋል። ያስቈጣቸው ነገር ለማኞችና ችግረኞች ከመንገድ ተለቅመው በሾላ በመጠለያ ስም መታጐራቸው ነበር። ከተማን ለእንግዳ ዐይን ማስዋብ የሚጠይቀው ዋጋ በግንበኛው ደረሰኝ ላይ ብቻ አይጻፍም፤ ከመንገድ ላይ በተነሡት ሰዎችም ይጻፋል። ይህን የምላችሁ ስለ ጥንቱ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ አንዱ መንገዱ ሰፋ፥ መብራቱ ደመቀ ብሎ ሲያመሰግን ሌላው የጎረቤቱ ዕድር ተበተነ ብሎ አዝኗል። ሁለቱም ያዩትን ተናገሩ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሕንፃ ልለፍ። የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ የጉባኤ ማዕከል በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ወጪው 200 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር ሲሆን የቻይና መንግሥት ስጦታ ነው፤ የሠራውም የቻይና የሕንፃ ሥራ ድርጅት ነው፤ የቤት ዕቃው ሳይቀር የመጣው ከዚያው ነው። ታላቁ አዳራሽ 2,500 ሰው ያስቀምጣል። የግንቡ ቁመት 99.9 ሜትር የሆነበት ምክንያት በአውሮፓ አቈጣጠር በዘጠነኛው ወር በዘጠነኛው ቀን በ1999 የአፍሪካ መሪዎች በሲርት ከተማ ኅብረቱን ለመመሥረት ያወጡትን መግለጫ ለማስታወስ ነው። ያ ቀን በኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ስለሆነ፥ ሕንፃው በቆመበት አገር ለሚኖር ሕፃን ዘጠኞቹ አይታዩትም። ምሳሌ የሚሠራ ሰው ምሳሌውን የሚያየው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ሕንፃ የተሰማው አስተያየት ብዙ ዓይነት ነበር። አንዳንዱ ከቅርጹ የተነሣ ነው፤ ሠሪዎቹ የአፍሪካና የቻይና እጆች ተቃቅፈው የሚያሳይ ነው ሲሉ፥ ተመልካቹ ደግሞ «የአፍሪካው እጅ የትኛው ነው?» ይላል። አንዳንዱ ከቦታው የተነሣ ነው፤ ሕንፃው የቆመው ዓለም በቃኝ በተባለው ወኅኒ ቤት ፍርስራሽ ላይ ነውና። ያ ቦታ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣኖች በአንድ ሌሊት የተረሸኑበት፥ በየዘመኑም ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች የማቀቁበት ነው። ወኅኒ ቤቱ ፈርሶ የሰላም ጉባኤ ቤት መሠራቱ ደስ ያሰኛል የሚል አለ፤ ግድግዳው እንኳ ለምስክርነት ሳይተርፍ መጥፋቱ የሚቈጨውም አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ከግንቡ አንድ ክፍል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ከ99.9 ሜትሩ ይልቅ ለልጆች የሚያስተምረው ብዙ ነበር።

በምርቃቱ ጊዜ በግቢው የክዋሜ ንክሩማህ ሐውልት ብቻ ቆሞ ስለ ታየ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቅር ተሰኝተው፥ ሽማግሌዎችና ምሁራንም ለኅብረቱ ጽፈው አቤት አሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በየካቲት 2011 ዓ.ም. ቆመ። ሰባት ዓመት ፈጀ ማለት ነው፤ ሆኖም አቤቱታው ከንቱ አልቀረም፤ ይህንንም ለተማሪዎቻችን ብንነግራቸው መልካም ነው፤ «ማን ይሰማናል» ማለት የለመደ ትውልድ እያስተማርን ነውና።

በጥር 2010 ዓ.ም. ለሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፥ በሕንፃው ውስጥ ባሉት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች አማካይነት የኅብረቱ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ሲተላለፍ ኖሯል ብሎ ጻፈ። የቻይና መንግሥት አስተባበለ፤ የኅብረቱም ሹማምንት ነገሩን አልተቀበሉትም። እውነቱ ምንም ይሁን ምን፥ በዚያን ጊዜ በየሻይ ቤቱ የተደጋገመው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ነበር። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በሠርግ ጊዜ ከጎረቤት ወርቅ ተውሳ ያልደመቀች ሙሽራ ስንት ናት? ተረት ለክርክር መክፈቻ እንጂ መዝጊያ አይሆንም።

ስለ ወጪው ነገር ወደ ክፍል ልውሰዳችሁ። በገዳሪፍ ባስተማርሁባቸው ዓመታት፥ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ተሻግረው የቀሩ የኢትዮጵያውያን ልጆችን አማርኛና ሒሳብ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የኅብረቱን ሕንፃ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፌ ምን እንደ ሆነ ብጠይቅ አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ፥ «ሲሎ ነው፤ መምህር፥ ስንት ኩንታል ይይዛል?» አለኝ። ገዳሪፍን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የእህል ሲሎ ከከተማው ሁሉ በላይ ሆኖ ከሩቅ ይታያል፤ ለዚያ አገር ልጅ ረጅም ሕንፃ ማለት እሱ ነው። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ጥያቄውን በሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፤ ከዚያ ወዲህም በመምህራን ማሠልጠኛው ለሚማሩት እጩ መምህራን ስለ ሕዝብ ሕንፃ ባስተማርሁ ቍጥር የምጀምረው በዚሁ ነው። ይህ ቤት ምን ይይዛል? ስንት ይይዛል? በዓመት ስንት ቀን ሞልቶ ይውላል? የቀረውን ቀን ማን ይገባበታል?

እጩዎቹ ወዲያው ወደ ማካፈል ይሮጣሉ። ሁለት መቶ ሚሊዮን ለሁለት ሺሕ አምስት መቶ ወንበር ሲካፈል ለያንዳንዱ ወንበር 80,000 ዶላር ይደርሳል። ክፍሉ በመገረም ይንጫጫል። በዚህ ጊዜ መምህር መቸኰል የለበትም። «ይህ ሒሳብ ትክክል ነውን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥቂት ካሰቡ በኋላ አንዱ የቢሮው ግንብ፥ ሌሎቹ አዳራሾች፥ ግቢውና ዕቃውም በዚያው ገንዘብ የተሠሩ ስለሆኑ ለወንበሩ ብቻ ማካፈል አይገባም ይላል። ሌላው ደግሞ ሕንፃው የሚኖርበት ዘመን ካልታወቀ ውድ ወይም ርካሽ ማለት አይቻልም ይላል። አንዲት የቋራ ልጅ ደግሞ፥ የስጦታ ወጪ ለተቀባዩ ስንት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ። እኔም ለዚህ ሙሉ አንድ ሰዓት ሰጠሁት።

ምክንያቱም «በዚህ ገንዘብ ስንት ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር!» የሚለው የዘወትር ቁጭት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ በጥሬው ለኅብረቱም ሆነ ለኢትዮጵያ መንግሥት አልደረሰም፤ የመጣው ተገንብቶ ነው። ስለዚህ «ለምን ትምህርት ቤት አልሠራችሁበትም?» ብሎ መጠየቅ፥ የተሰፋ ኮት የተሰጠውን ሰው «ለምን ብርድ ልብስ አልገዛህበትም?» እንደ ማለት ይሆናል። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰጪው ሊሰጥ በመጣ ጊዜ ከኛ ወገን የተቀመጠው ሰው ምን ለመነ? ሌላስ ነገር ለመለመን ይችል ነበርን? ከዚያም በኋላ መብራቱን፥ ውሃውን፥ ሊፍቱንና ጽዳቱን በየዓመቱ የሚከፍለው ማን ነው? ስጦታ የሚጠናቀቀው በምርቃት ቀን አይደለም። በዚሁ በጠረፉ አገር በየመንደሩ ተሰጥተው ሞተራቸው የቆመ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ ይህን ለማስረዳት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

የጥገና ነገር ከተነሣ የአፍሪካ አዳራሽን እንደገና ላስታውሳችሁ። ከስድሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ ለዕድሳቱ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 57 ሚሊዮን ያህል ዶላር መድቦ፥ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሮ፥ የውጭ ንጣፉና የአፈወርቅ መስታወት ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ ከጉባኤው ሌላ ጎብኚ እንዲያየውም ተደርጎ ተሰናዳ። በዚሁ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ምሥራቅ በኩል አዲስ ኢንተርናሽናል ኮንቬንሽን ማዕከል የተባለው ሌላ ታላቅ ስፍራ ተመረቀ። እንግዲህ አንዲት ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ አሮጌውን አደሰች፥ አዲሱንም ከፈተች። እኔ ለማደሱ አደላለሁ፤ የአስተማሪ ልማድ ይሆናል፤ አሮጌ መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ ሰው አዲስ ሲገዛ እጁ ይንቀጠቀጣል። ዳሩ ግን አዲሱ ማዕከል በኪራይና በእንግዳ ራሱን ችሎ ከተዳደረ ወቀሳው ሁሉ ይወድቃል፤ ካልቻለም ወቀሳው ይጸናል፤ ይህ የሚታወቀው በየዓመቱ ሒሳቡ ለሕዝብ ሲገለጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ወጪው ከግምቱ ያለፈ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እንዳይል የሲድኒን ነገር ላምጣ። በአውስትራልያ የሲድኒ ኦፔራ ቤት ሥራ ሲጀመር ግምቱ 7 ሚሊዮን የአገሩ ዶላር ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን ወጪው 102 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የዴንማርኩ አርክቴክት ዮርን ኡትዞን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሥራው ሳያልቅ አገሩን ለቆ ሄደ፤ የተፈጸመውንም ሕንፃ በዐይኑ ሳያይ ሞተ። ጋዜጦቹ ያላሉት ነገር የለም። ዛሬ ግን አውስትራልያ በዓለም የምትታወቀው በዚያ ቤት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል የተገኘው ሰው በፈቃዱ ከሚገዛው ሎተሪ ነው፤ ጭቅጭቁም ሁሉ የተደረገው በግልጽ፥ በምክር ቤትና በጋዜጣ ነው። ወጪው ሲበዛ ሕዝቡ ስንት እንደ በዛ ያውቅ ነበር።

ስለ ካርቱም አዳራሽ የሰማሁትን ልንገራችሁ። የወዳጅነት አዳራሽ ይሉታል፤ እሱንም የሠራው የቻይና መንግሥት ነው፤ በ1968 ዓ.ም. ተፈጽሞ በአባይ ዳር ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1970 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ በካርቱም ተደረገ። ይህ አዳራሽ ከጉባኤው ክፍል ሌላ የቴያትርና የሲኒማ ክፍል ስለ ነበረው የከተማው ሰው ትኬት ቈርጦ ይገባበት ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ የካርቱም መኻል ከተማ የጦር ሜዳ ከሆነ በኋላ፥ በገዳሪፍ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተጠግቶ የሚኖር አንድ የካርቱም መምህር አገኘሁ። «ኡስታዝ» ብሎ ጠራኝ፤ እኔም እንዲሁ ኡስታዝ አልሁት። ስለ ወዳጅነት አዳራሽ ወጪ ብጠይቀው አያውቅም፤ ሰምቶም አያውቅም። ነገር ግን በልጅነቱ አባቱ ይዞት ገብቶ ያየውን ፊልም፥ የተቀመጠበትን ወንበር ቀለም፥ ከፊልሙ በኋላ በአባይ ዳር የጠጡትን ሻይ ነገረኝ። ቻይናም፥ ጉባኤም፥ ፕሬዚዳንትም አላነሣም። በአዲስ አበባ ግን የኅብረቱን ሕንፃ በየቀኑ እያየ የሚያልፍ፥ የውስጡን ወለል ግን ረግጦ የማያውቅ መምህር ብዙ ነው። የሁለቱ ሕዝቦች አስተያየት የተለያየው በሕንፃው ውበት ወይም በዋጋው አይመስለኝም፤ በበሩ ነው።

ያ መምህር የሚኖርበት ክፍል የሦስተኛ ክፍል መማሪያ ነበር። በሰሌዳው ላይ የማባዛት ሠንጠረዥ እንደ ተጻፈ ነበር፤ ከሥሩ ምጣድና ፍራሽ ተደርድሯል። ወድ መደኒ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ፥ ሲንጃም በክረምቱ ከተወሰደች በኋላ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች እንዲህ የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆነው ነበር። ከጠረፉ ወዲህም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ስንት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በኛ አገር «አዳራሽ ወይስ ትምህርት ቤት?» የሚለው ክርክር ትርጉሙ ተለውጧል። ቤት ሁሉ፥ በችግር ቀን፥ የሰው ማደሪያ ይሆናል። የዚህ አገር ሰው ይህን ጥንቱንም ያውቀው ነበር። በ1977ቱ ረኃብ ወቅት ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የተሠራው፥ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና የተከፈተው ሰፈር ስሙ ኡም ራኩባ ነው። ራኩባ በሱዳን አነጋገር በምሰሶ ላይ በሣር የተከደነ ዳስ ነው፤ ኡም ራኩባም የዳስ እናት እንደ ማለት ነው። ዕርቅም፥ ሠርግም፥ ለቅሶም፥ ቁርኣን ቤትም፥ ፊደል ቤትም የሚደረገው በራኩባ ነው። ግድግዳ ስለ ሌለው ማንም ሰው በውጭ ቆሞ የሚነገረውን ይሰማል።

አሁን ስለ ራሳችን። ማኅበራችን የመሰብሰቢያ አዳራሽ ለመሥራት አስቦ፥ ከየደመወዛችን በየወሩ እንድናዋጣ ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። መምህር የሚመክርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ በሰው ቤት በረንዳ ላይ ስብሰባ ማድረግ ይበቃናል። ነገር ግን የቀረበው ንድፍ ላይ አስተያየት አለኝ፤ ንድፉን የሠራውን ሰው ለማስቀየም አይደለም።

ንድፉ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ የሚያየውም ወደ ምዕራብ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ በዚህ ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፥ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ መስታወት ስትገባ በውስጡ ስብሰባ ሊደረግ አይችልም። ማቀዝቀዣ ይተከል ቢባል መብራት በጠፋ ቀን ሁሉ በሩን ዘግተን መሄዳችን ነው። የመስታወቱ ፊት ከአዲስ አበባና ከዱባይ ሥዕል ተቀድቶ እንደ ሆነ አያስወቅስም፤ ሜዜዲሚም ከብዙ አገር ቀድቷል፤ ግን በደጋ ከተማ ለአፍሪካ መሪዎች የሠራውን ቤት ከአገሩ ሸማ ጥለት ጋር አስማምቶታል። እኛስ የጠረፍ ሰዎች ከምን እናስማማው? ወፍራም ግድግዳ፥ ከፍ ያለ ጣራ፥ ዙሪያውን የሚከበው ሰፊ በረንዳ፥ ነፋስ ከሰሜን የሚገባበት መስኮት፤ ይህ ሁሉ በዚህ አገር ግንበኛ እጅ ይሠራል፤ ሲሰነጠቅም በዚሁ ግንበኛ ይጠገናል። በረንዳው ሰፊ ከሆነ ክፍል የጠበበው ትምህርት ቤት በክረምት ሁለት ክፍል ያስተምርበታል፤ ክፉ ቀን ከመጣም፥ አያምጣው እንጂ፥ ሃምሳ ቤተሰብ ከዝናብ ይጠለልበታል።

ስለ ወጪውም በሦስት የተለያየ ሰው የተሠራ ግምት ይቅረብልን፤ ከግምቱ ጋር የዓመቱ የጥገና ወጪ ለብቻው ይጻፍልን። የሚያዋጣው መምህር ሁሉ፥ በሩቅ ገጠር ትምህርት ቤት ያለው ሳይቀር፥ ንድፉን በዐይኑ ሳያይ ከደመወዙ አንድ ሳንቲም አይቈረጥ። ይህን የምለው በማንም ሹም ላይ ጥርጣሬ ስላለኝ አይደለም። ዐይቶ ያዋጣ ሰው በምርቃቱ ቀን የኔ ነው ብሎ ይገባል፤ ሳያይ ያዋጣ ሰው ግን ያው አጥር ዳር ቆሞ ስንት እንደ ተበላ ይገምታል።

ሊቀመንበሩን አስፈቅጄ የንድፉን ግልባጭ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ። የሚያስቡትን ጽፈው እንዲያኖሩበት ከጎኑ ባዶ ወረቀት ተሰክቷል፤ እርሳሱም በክር ታስሯል። እስከ ወሩ መጨረሻ ከዚያው ይቆያል።